ያ ሽማግሌ የጠየቀሽ ጥያቄ

እማዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ስኳርሽን ተለክተሻል?

ይህን ደብዳቤ እህቴ አትማ ትሰጥሻለች። መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ስልክ ስታነሺ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያነሳው። ድምፁን ለቀሽው ነው የምታወሪው፣ ጎረቤቱ ደግሞ ቡና ላይ ነው። ይሄ ጉዳይ የቡና ወሬ እንዲሆን አልፈልግም።

ነገሩ ባለፈው ማክሰኞ በራችንን ስላንኳኳው ሽማግሌ ነው። በንዴት ነው የደወልሽልኝ፣ እውነትሽንም ነው። ድሬ ላይ ቀን 7 ሰዓት የሰው በር አይንኳኳም፤ ሰው ተኝቷል። ደግሞ ጥላ ውስጥ ግባ ስትይው እምቢ ብሎ፣ ውሃ ብቻ ጠጥቶ፣ "ልጅሽን ያጠባችው ማን ናት?" ይበል? "እብድ መስሎኝ በሩን ዘጋሁበት" አልሽኝ። እብድ አይደለም እማዬ። ከዚህ ከአሜሪካ፣ ከሚኒያፖሊስ ተደውሎለት ነው። ያስላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሳላውቀው።

ላገባት የምፈልጋት ልጅ አለች። ሱማሌ ናት። ይኸው፣ ተነፈስኩት።

የተገናኘነው በሥራ ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እንደማስተረጉም ታውቂያለሽ። እሷ ሱማሊኛ ታስተረጉማለች። አንድ ቀን አንድ አዛውንት መጣ። ሱማሌ ነው ተብሎ እሷ ተጠራች። ሰውየው ግን በሱማሊኛ ይጀምርና በኦሮምኛ አጋምሶ በአማርኛ ይጨርሰዋል። ሐኪሙ እሷን ያያል፣ እሷ ሰውየውን ታያለች። በመጨረሻ እኔ ተጠራሁ። ገና ከበሩ "አቦ! የት ነበርክ?" አለኝ። አይቶኝ አያውቅም እኮ! አንቱ ስለው ተቆጣኝ። ድሬ አንቱ የት አለና። ሁለታችን ተጋግዘን አንዱን ሰው ተረጎምነው። ስንወጣ "ይሄ ምን የሚሉት ቋንቋ ነው?" አለችኝ። "ድሬዳዋኛ" አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እኔ ጤና የለኝም።

እነሱ መጠናናትን ሹካንሲ ይሉታል። እዚህ አገር ሹካንሲ ቀላል እንዳይመስልሽ። ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባል ሰፈር አለ፣ ባለ ብዙ ቀለም ረጃጅም ፎቆች። ፎቆቹ በ1973 በእነሱ አቆጣጠር ሲያልቁ ለሱማሌ ተብለው አልነበረም። በእኛ ጥር 1983 የሱማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት እኛም ጋ ደርግ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነው ሰዉ ወደ ሚኒሶታ የጎረፈው። እንግሊዝኛ የማይጠይቅ የቱርክ ዶሮ ፋብሪካ ሥራ ነበር። አንዱ ወንድሙን ጠራ፣ ወንድሙ አማቱን ጠራ። አሁን ከተማዋ አምስቱንም ወቅት አዛን በድምፅ ማጉያ ፈቅዳለች። ካርሜል የሚባል የገበያ ማዕከል አላቸው። የድሬን ገበያዎች፣ ቀፊራንና ታይዋንን፣ አንድ ጣሪያ ሥር አስገቢያቸው፣ ያ ነው ካርሜል። ድሪያ ቀሚስ፣ ወርቅ፣ ሀዋላ፣ ኡንሲ የሚሉት እጣን፣ ፀጉር ቤት፣ መስጊድ። ሻይ ልትጠጪ ገብተሽ ከሦስት ሰው ሰላምታ ሳትለዋወጪ አትወጪም።

እንዲህ ባለ ቦታ ከሴት ልጅ ጋር አንድ መኪና ውስጥ መቀመጥ የማይታሰብ ነው። እኛ ምን አደረግን መሰለሽ? ሁለት መኪና። ከሥራ ስንወጣ ሰፊ ማቆሚያ እንሄድና የእኔ መስኮት ከእሷ መስኮት ጋር እንዲገጥም መኪናዬን ወደ ኋላ አዙሬ አቆማለሁ። መስታወት ዝቅ አድርገን እናወራለን። በጥር ወር፣ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ! ማሞቂያው እግራችንን ያቃጥላል፣ ጆሯችን በረዶ ይሆናል። ሻይ በፔርሙስ ታመጣለች፣ ቅርንፉድና ሄል ያለበት። ኩባያውን በመስኮት ታቀብለኛለች። እንፋሎቱ መሃላችን ላይ ይቆማል። አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚህ።

ታዲያ ተደበቅን? የት! በሁለተኛው ሳምንት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አጎቷ አየን። ለአክስቷ ነገራት። አክስቷ ሃግባድ ሰብሳቢ ናት፣ ሃግባድ ማለት የእኛው እቁብ ነው። እቁብ ሰብሳቢ ያወቀውን ማን ሳያውቅ ይቀራል? በማግስቱ ለንደን ያለችው አክስቷ ደውላ "ልጁ ሥራ አለው?" አለቻት። ናይሮቢ ኢስሊ ያሉት ደግሞ ስሜን ያውቁታል። እኔ ገና እጇን አልነካሁም!

ባለፈው ሐምሌ ወንድሟ ሲያገባ ጠሩኝ። ጥሪው ምሽት 12 ሰዓት ይላል፣ ሙሽሮቹ የገቡት 5 ሰዓት ተኩል ነው። እኛን የሐበሻ ቀጠሮ እያሉ የሚያሙን ይምጡና ይዩ። የሴቶቹን ክፍል አላየሁም፤ ወንድ አይገባም፣ ስልክም በር ላይ ይሰበሰባል። ድምፁን ግን ሰምቻለሁ። ቡራንቡር ይባላል። አንዷ ከበሮ እየተመታ የሙሽራዋን ዘር እየጠራች ትገጥማለች፣ ሌላዋ መሃል ገብታ ትጨፍራለች። ኮሪደር ላይ ቆሜ ሩዝና ሙዝ እየበላሁ አዳመጥኩ። (ሩዝ በሙዝ መብላትን እዚህ ላስተምራቸው አልኩ የአዲስ አበባ ልጆችን፣ ጠሉኝ።)

በሰባተኛው ቀን ያገቡ ሴቶች ተሰብስበው ለሙሽራዋ ሻሽ ያስሩላታል። የሀርጌሳ ሰዎች ደግሞ "ሔዶ" የሚሉት አላቸው። "ሔዶ መጣ" እንደሚባለው አይደለም፤ ክዳን ያለው የእንጨት ዕቃ ነው። ውስጡ ሙቅመድ አለ፣ ሥጋው በትንንሹ ተከትፎ ደርቆ በቅቤ የተጠበሰ። የእኛን ቋንጣ በቅቤ አስቢው። ላዩን በተምር ይለስኑታል። ከዚያ ዕቃውን እንደ ሙሽራ ያለብሱታል፣ ሻሽ ሳይቀር፣ በገመድም ይተበትቡታል። የገመዱ ጫፍ የት እንደተደበቀ የምታውቀው ያሰረችው ሴት ናት። የሙሽራው ወገን ሳይቆርጥ መፍታት አለበት። ያቃተው ይቀጣል፣ ይሳቅበታል። ሦስት ጎረምሳ ሲያልበው አየሁ።

"አንተ ስታገባ የአንተን ማን ይፈታልሃል?" አለችኝ በኋላ። ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። የበርበሬ ጆንያ ክር ስትፈቺ። እኛ በቢላ ስንጎትት አንቺ ትክክለኛውን ጫፍ ይዘሽ አንዴ ትስቢውና ጆንያው እስከ ጥግ ይተረተራል። "እናቴ" አልኳት።

እና አጎቶቿን ለማነጋገር ሄድኩ። ካፌ ውስጥ ሁለቱ ፊቴ ተቀምጠዋል፣ ሦስተኛው ከኦሃዮ ኮሎምበስ በስልክ ነው፣ ስልኩ ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፏል። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ኢና አዮ?" ነው። የማን ልጅ ነህ ማለት ነው። የአባዬን ስም ነገርኳቸው። ቀጥል አሉኝ። አያቴን ጠራሁ። ቀጥል። ቅድመ አያቴን ጠራሁ። ቀጥል። እዚያ ላይ ቆምኩ። አንደኛው አጎት የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ ነበር፣ ከስልክ ጨዋታው ላይ ቀና ብሎ የራሱን አባቶች ቆጠረ። ሃያ ምናምን ደረሰ፣ በአሜሪካ አነጋገር! አብቲርሲ ይሉታል። እኔ ሰባት ቤት እንኳን የማልሞላ ሰው አፈርኩ። አያቴ ከወሎ ለምድር ባቡር ሥራ እንደመጣ፣ ድሬ ራሷ ባቡር የወለዳት ከተማ መሆኗን ነገርኳቸው። ትህትና አላቸው፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። ግን የሚይዙት ነገር አላገኙም። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሰው ጥፋት ቢያጠፋ፣ ቢሞት፣ ቢታመም ማንን እንደሚጠሩ ማወቅ ነው የፈለጉት።

ያኔ ነው ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ያን ያልኩት።

አንቺ ሁሌ ስታኮርፊብኝ የምትይውን ታስታውሻለሽ? "ይሄ እልህ የሱማሌ ወተት ነው!" ሕፃን ሆኜ ታይፎይድ ይዞሽ ሆስፒታል ስትተኚ፣ ጎረቤት ያለችው ሆዮ እንዳጠባችኝ። ይህንን በኩራት ነገርኳቸው። "እኔ እኮ የሱማሌ ጡት ጠብቼ ነው ያደግኩት!" አልኩ። የሚስቁ፣ የሚያቅፉኝ መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ዝም አለ። ኦሃዮ ብቻ "ሄሎ? ሄሎ? ምን አለ?" ይላል።

አንዱ አጎት ሻዩን አስቀምጦ "ድሬ? መቼ?" አለኝ።

የተወለድኩበትን ነገርኩት፣ ኅዳር 1981።

እማዬ፣ የልጅቷ እናት ከሀርጌሳ ናት። ግንቦት 1980 ጦርነቱ ሲጀመር የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከዚያው ከሀርጌሳ ማረፊያ እየተነሱ ያችኑ ሀርጌሳን ደበደቡ። ቤተሰቡ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ሀርቲሼክ ካምፕ ገባ። ከዚያ ዘመድ አለን ብለው ድሬ መጡ። እስከ 1981 መጨረሻ ነበሩ። እናቷ ያኔ የበኩር ልጇን ታጠባ ነበር። በኋላ ናይሮቢ ሄዱ፣ የእኔዋ እዚያ ተወለደች፣ በስድስት ዓመቷ አሜሪካ መጣች። እናቷ ከስድስት ዓመት በፊት ሞታለች። ያለችው አያቷ ናት፣ አዬዮ ይሏታል። ወሬው ቤት ሲደርስ አዬዮ ከአልጋዋ ቀና ብላ "አዎ፣ ልጄ ድሬ ላይ የሐበሻ ልጅ ታጠባ ነበር፣ እናቱ ታማ" አለች።

ግን አዬዮን ደግመው ሲጠይቋት ሴት ልጅ ነበረች ትላለች። ሌላ ቀን ጅጅጋ ነው ትላለች። አርጅታለች።

የጡት ልጅ ልጅ መሆኑን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሱማሌዎች የሻፊዒ መዝሀብ ተከታዮች ናቸው። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አምስት ጊዜ ለየብቻ ከጠባ አጥቢዋ እናቱ ናት። ልጆቿ ሁሉ እህት ወንድሞቹ ናቸው፣ ከዓመታት በኋላ የተወለዱትም። ስለዚህ ሸይኹ "ያጠባችው ሴት ማን እንደሆነች ሳይጣራ ኒካሕ የለም" አሉ። እዚያው ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ላለ ሰው ተደወለ። ያ ሽማግሌ በዚያ ሀሩር የመጣው ለዚህ ነው። ይቅርታ በዪው፣ ተመልሶ ከመጣ ሻይ አፍዪለት።

አሁን ማስታወስ ያለብሽ አንቺ ነሽ። ሆዮ ስሟ ማን ነበር? እኛ ሆዮ ስንል ነው የማውቀው፣ እሱ ደግሞ እናት ማለት ነው እንጂ ስም አይደለም። የዚያው የድሬ ኢሳ ሱማሌ ነበረች ወይስ ከወዲያ የመጣች? ልጇ ወንድ ነበር? አያቴ "ሁለት ወር ጠባ" ትል ነበር፣ አንቺ "ሁለት ሳምንት" ትያለሽ። ሁለት ሳምንትም ከአምስት ይበልጣል፣ ስለ እሱ አትጨነቂ። ዋናው ሴትየዋ ማን ናት የሚለው ነው። የድሬ ሰው ከሆነች አለቀ፣ ሠርግ ነው፣ አንቺም መጥተሽ ገመዱን ትፈቺልኛለሽ።

ካልሆነችስ? እሱን ማታ ማታ አስበዋለሁ። ሀርጌሳዊቷ ከሆነች እናቴ ሞታ ሳላለቅስላት ስድስት ዓመት አልፎኛል ማለት ነው።

ልጅቷ ጠንካራ ናት። ያን ቀን ማታ እንደለመድነው መኪናችንን ገጥመን አቆምን። ብዙ ዝም ካለች በኋላ "ወንድሜ ከሆንክ አንድ መኪና ውስጥ መቀመጥ እንችላለን" አለች። ልትስቅ ነበር፣ አልሆነላትም። መስታወቷን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ በሥራ ኮሪደር ብቻ ነው የምንተያየው።

አደራ፣ ለእኔ ደስታ ብለሽ እንዳትዋሺ። አውቅሻለሁ። ለልጄ ብለሽ "አይደለችም" ብትይ ማንም አይከራከርሽም፣ አዬዮም ትረሳዋለች። እኔ ግን በስልክ ከድምፅሽ አውቅብሻለሁ። የማታስታውሺ ከሆነም አላስታውስም በዪ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ አለ። አዬዮ ከሻንጣዋ ሥር ያወጣችው ነው፣ ከጀርባው ምንም አልተጻፈበትም። ወጣቷ ሴት የልጅቷ እናት ናት። ሕፃን ታቅፋለች፣ ፊቱ በነጠላ ስለተሸፈነ ማን እንደሆነ አይታይም። ሴትየዋን አስተውለሽ እዪያት። ከዚያ ከኋላዋ ያለውን የቆርቆሮ በር እዪ። አረንጓዴ ቀለም ነው፣ ከታች በቀኝ በኩል አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ተለጥፎበታል። እኔ ነፍስ ሳውቅ በራችን ሰማያዊ ነበር። ከዚያ በፊት ምን ቀለም ነበር፣ እማዬ?

ልጅሽ