ሁለቱንም ቁጥር ንገሪኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ለእማማ ንገሪልኝ» ብላኛለች። ትልቁ አድጎ የላክሽለት ባና እግሩን አልሸፍን ብሏል። አዲስ አበባም ዘንድሮ እንደ መንዝ ቆፈን ሆኗል።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ዋናውን ነገር ፈርቼ ነው። የደም ግፊት ክኒኑን ከተውሽ ሁለት ወር አለፈሽ አሉ። ማን ነገረሽ አትበይኝ። (ማሙሽ፣ ይህን ስታነብላት አትሳቅ።)

«ራሴን ተወኝ፣ ድኛለሁ» አልሽ አሉ። እማዬ፣ ግፊት እኮ ብዙውን ጊዜ አያምም። መጀመሪያ 170/100 ሲልሽ ምን አሞሽ ነበር? በአንድ ልኬት ብቻም አልወሰኑም፤ በሌላ ቀን ደግመው ለኩሽ፤ ያኔም ከ140/90 በላይ ነበር። በኋላ የወረደው በዚያች ክኒን፣ በአምሎዲፒን ነው። ስትተዪያት ተመልሶ ይወጣል። ጠበሉን ጠጪ፣ ማን ከለከለሽ? ክኒኗንም ዋጪ።

የጨውሽ ነገር ደግሞ አለ። በቀን ከ5 ግራም አይለፍ ይላሉ፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ወጡ ላይ ትደግሚያለሽ። ቡናሽም በጨው ነው! ለጉልበትሽ የምትውጪው ዳይክሎፌናክም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትውሰጂው።

አባዬም «ድኛለሁ» ብሎ ነበር የተወው።

አፉ ተጣሞ፣ ግራ እጁ ዝሎ ሦስት ቀን ሲተኛ ለእኔ አልተነገረኝም። «ፈተና ላይ ናት» ብላችሁ። የደረስኩት ለአርባው ነው። አልወቅሳትም እያልኩ አሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩ። እወቅስሻለሁ፣ እማዬ። ቀኝ እጁ ደህና ነበር አሉ። ያን እጁን መያዝ ነበረብኝ።

ይቅር። በማሙሽ በኩል ብር ልኬያለሁ። የመኪና ነው፤ ለዕድር እንዳታደርጊው። ሰኞ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ጠዋት ቡና ሳትጠጪ። ዳገቱን እንደወጣሽም አትለኪ፤ አምስት ደቂቃ ዐረፍ በዪ። ቁጥሩን ማሙሽ ይጻፈውና ማታ ደውሉልኝ። ሁለቱንም ቁጥር፣ የላዩንም የታቹንም። እንዳልደነግጥ ብላችሁ እንዳትቀንሱልኝ።

ልጅሽ