የእጅ ሥራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አንድ የሽመና ጉድጓድ እንዲፈቀድልን

የትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክበብ ዘንድሮም አልተዘጋም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። «አሁንም አለ እንዴ?» ይሉኛል፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳይቀር። አለ። ከምገባ አዳራሹ ጀርባ ባለው አሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ ረቡዕና ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ እንገናኛለን። ሴትም ወንድም ልጆች አሉን። መጥቶ ማየት ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው።

«የሒሳብ አስተማሪና ዳንቴል ምን አገናኛቸው?» የሚሉኝም አሉ። እነሱን ክብ ዳንቴል ሲሠራ ባሳያቸው ደስ ይለኛል። በኪሮሽ ክብ ነገር ስንሠራ መሐሉን በ6 ዓይን እንጀምራለን። ቀጣዩ ዙር 12 ይሆናል፤ ከዚያ 18፣ ከዚያ 24። በየዙሩ 6 መጨመር ከረሳን ጠርዙ ወደ ላይ ይነሳና ስኒ ይሆናል። አብዝተን ከጨመርን ደግሞ ይጨማደዳል። ለምን 6? ክቡ አንድ ረድፍ በሰፋ ቁጥር ዙሪያው የዚያን ረድፍ ቁመት በ2 ፓይ ተባዝቶ፣ ማለትም 6.28 ጊዜ ያህል ያድጋል። የአንድ ዓይን ቁመትና ስፋት ስለሚቀራረብ ያ 6 ዓይን ያህል ነው። ክፍል ውስጥ ፓይን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የሚያንቀላፉ ልጆች እዚህ ክር ላይ ሲያገኙት ይከራከሩበታል። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ 6.28 ከሆነ ያቺ 0.28 የት ሄደች?» አለችኝ። ክሩ ስለሚለጠጥ እሱ ይውጣታል። ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ክበቡ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚሉ ሰዎች ይህችን ልጅ ቢሰሟት እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በተለመደው ሥራ አለፈ። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ መዋጮ ተሰበሰበ። ረቡዕን የዩኒፎርም ጥገና ቀን አደረግነው። የሚታደለው ዩኒፎርም አንዳንዱ ልጅ ላይ እጅጌው ይረዝማል፣ አንዳንዱ ላይ ሱሪው ይሰፋል። ልጆቹ ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ይዘመዝማሉ፣ ቁልፍ ይተክላሉ። ዓመቱን ሙሉ ሰልፍ ላይ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ያነሰው በዚህ ነው። ይህን ማንም ልብ አላለም፤ እኔ ግን ልብ ብያለሁ።

ዳንቴሉን የሚያስተምሩልን ከምገባ እናቶች አንዷ ናቸው። አንድ ቀን ማንኪያ ፈልገው ወደ መጋዘኑ ገቡ። አንዷ ልጅ ክሩን ጣቷ ላይ አጥብቃ ጠቅልላ ስትታገል አዩና «አምጪው የኔ ልጅ» ብለው ተቀበሏት። ከዚያ አልሄዱም። በእሳቸው ወጣትነት ሬዲዮ፣ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ረከቦት ሁሉ ዳንቴል ይለብስ ነበር። ሙሽራ ስትዳር የራሷን እጅ ሥራ ይዛ ነበር የምትወጣው። የአናናስ ቅርጽ ያለውን ዳንቴል ወረቀት ሳያዩ ከጭንቅላታቸው ይሠሩታል። ድስት ጥደው ነጻ በሚሆኑበት ሰዓት እየመጡ አስተማሩን። ላደረጉልን ሁሉ ክበቡ በዚህ አጋጣሚ ያመሰግናቸዋል። ለወደፊት ደግሞ ትንሽ አበል ቢታሰብላቸው ተገቢ ነው እላለሁ።

ዳንቴሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም መጀመሪያ በስኳር ውሃ ነከርነው። ጉንዳን ወረረው። አሁን በስታርች ነው የምናደርቀው።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት የሠራነው ትልቁ ሥራ የጨርቅ ሞዴስ ነው። በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት የሚቀሩ ሴት ልጆች እንዳሉን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለሱ ግን ጮክ ብለን አናወራም። ክበቡ አወራ። ላይኛው ድርብ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ነው። መሐሉ ከአሮጌ ፎጣ ይቆረጣል፤ እርጥበት የሚይዘው እሱ ነው። ክንፎቹ ላይ ቁልፍ ይተከላል። ይታጠባል፣ ተመልሶ ይደረጋል። ከስፌቱ በላይ ያስተማርነው አደራረቁን ነው። ልጆች በሐፍረት አልጋ ሥር ወይም ሌላ ልብስ ሥር ደብቀው ያሰጡታል፤ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ደግሞ ለጤና ጎጂ ነው። ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቅ አለበት። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ መቁረጡን ተረከቡ፤ በቅርጹ መሠረት በጥንቃቄ የሚቆርጡት እነሱ ሆኑ። የተሠራው ሁሉ ለሴት ተማሪዎች ክፍል ተሰጥቷል።

አሁን ወደ ጉዞው ልግባ። ይህን ዘገባ ረዘም አድርጌ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ወደ ስድስት ኪሎና ሽሮ ሜዳ ሄድን። አንድ ወላጅ ሃይገር ባሳቸውን ሰጡን፤ እኛ ነዳጁን ብቻ ቻልን። እግዜር ይስጥልን። ከቱሉ ዲምቱ ተነስተን ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ ተጨናነቀ። አብሮን የነበረው የታሪክ መምህር ያን ጊዜ ተነሥቶ ስለ አፄ ምኒልክ አዋጅ ነገራቸው። በ1900 ዓ.ም. ንጉሡ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሚሳደብ እንደሚቀጣ አስታወቁ። ልጆቹ «ቁጢት በጣሽ» ሲሉ ሳቁ። አንድ ልጅ ብቻ አልሳቀም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር። ያን ጊዜ ቁም ነገር አላልኩትም።

ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም አየን። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል ውስጥ ነው። ዕቃዎቹ የሰውን ሕይወት ተከትለው ከልጅነት እስከ ሞት ተደርድረዋል። ልጆቹ ስፌቶቹ ጋ ቆመው ረድፍ ይቆጥሩ ነበር። ከዚያ መንገዱን ይዘን ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ወጣን፤ ሽሮ ሜዳ ወረድን።

ሽሮ ሜዳን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሀበሻ ቀሚስ የተሰቀለባቸው ሱቆች ናቸው። እኛ ግን የመጣነው ከሱቆቹ ጀርባ ላሉት ግቢዎች ነበር። አንድ አዛውንት ሸማኔ ተቀበሉን። የሽመና ዕቃቸው የተተከለበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ታች አውርደዋል። አንዱን መርገጫ ሲረግጡ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ መወርወሪያው ማጉ የተጠቀለለበትን ቀሰም ይዞ በመሐል ሹልክ ይላል። ሌላውን ሲረግጡ ላይ የነበረው ወደ ታች፣ ታች የነበረው ወደ ላይ ይሆናል። ልጆቹ ከበቧቸው።

ከዚያ አንድ የድር ክር ተበጠሰ። የጋሼ ዓይን ደከም ብሏል፤ ጫፉን እየዳበሱ ይፈልጋሉ። ከኋላ አንድ እጅ ተዘረጋ። ባስ ውስጥ ያልሳቀው ልጅ ነው። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በክበቡ ውስጥ የነጠላና የጋቢ ጫፍ መቋጨት ብቻ ነበር የሚሠራው። ፈጣን ነው፤ ከማን እንደተማረው ግን ተናግሮ አያውቅም። ጫፉን አገኘው፣ በምራቁ አረሰው፣ ቀጠለው። ቋጠሮው ከድሩ ተለይቶ አይታይም ነበር።

ጋሼ የልጁን ፊት አላዩም። ቋጠሮውን ነበር ያዩት። «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የአባቱን ስም ነገራቸው።

«ወይኔ! የት ጠፋ እሱ?»

«ኮንዶሚኒየም ደርሶን ወጣን። አራተኛ ፎቅ ነን። ጉድጓድ የለም።»

ከዚያ በጋሞኛ ተነጋገሩ። እኛ አልሰማናቸውም። ጋሼ ከጉድጓዱ ወጡና ቦታቸውን ለቀቁለት። ልጁ ጫማውን አውልቆ ገባ። መጀመሪያ እግሩ አመነታ፤ ከዚያ ያዘው። ከአንድ ስንዝር የማትበልጥ ሸማ ሠራ። ጓደኞቹ ሲያጨበጭቡለት አንገቱን ቀና አድርጎ «ቆይ፣ ማጉ አልቋል፤ ሌላ ቀሰም ስጡኝ» አለ። እኔ ፊቴን አዙሬ ዕንባዬን ጠረግሁ።

የዚያ ልጅ የክፍል ኃላፊ እኔ ነኝ። ፎርሙ ላይ የአባት ሥራ በሚለው ቦታ «ጥበቃ» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አይደለም። አባቱ አሁን ሌሊት ሌሊት ጥበቃ ይሠራሉ። ግን ሰውየው ሸማኔ ናቸው፤ ከነአያት ቅድመ አያታቸው። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት አስጠራኋቸው። ልጁ አጥፍቶ መስሏቸው ደንግጠው መጡ። የሽመና ዕቃቸው ታስሮ አልጋ ሥር እንደተቀመጠ ነገሩኝ። ከወለል ከፍ ብሎ የሚቆም ዕቃም አለ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ቤቱም ጠባብ ነው፣ ድምፁም ከታች ያለውን ጎረቤት ያስቸግራል። «ቦታ ብቻ ስጡኝ፤ ጉድጓዱን እኔው እቆፍራለሁ። ተረኛ ባልሆንኩ ቀን መጥቼ አስተምራለሁ» አሉ። ገንዘብ አልጠየቁም።

እንግዲህ የዘንድሮ ጥያቄያችን ይኸው ነው። ከመጋዘኑ ጎን፣ የተሰበሩ ዴስኮች የተከመሩበት ባዶ ቦታ አለ። አንድ ሰው ተቀምጦ እግሩን የሚያወርድበት ጉድጓድ፣ ከላዩ ደግሞ ጥቂት ቆርቆሮ ይበቃናል። ማመልከቻው ለርዕሰ መምህሩም ለወላጅ መምህር ኅብረቱም (ወመህ) ገብቷል። መልስ እየጠበቅን ነው። «ልጆች ይወድቁበታል» የሚል ሥጋት ተነሥቷል፤ የእንጨት ክዳን ይሠራለታል፣ ቁልፍም ይኖረዋል። በዚህ አካባቢ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ እንደ እኚህ አባት ዕቃቸውን አስረው ያስቀመጡ ሌሎች ሸማኔዎችም እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ልጆቻቸው ከእኛ ጋር ይማራሉ። ትምህርት ቤታችን ለእነዚህ ሰዎች መሬት ላይ ያለ ቦታ መስጠት የሚችል መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ያልተሳካልንም አለ። በፈተና ሰሞን መጋዘኑ ለዕቃ ማስቀመጫ ተፈልጎ ለረጅም ጊዜ ደጅ በረንዳ ላይ ሠራን። በበልጉ ዝናብ ጣሪያው አፍስሶ የዳንቴል ክራችን ግማሹ ተበላሸ። አክርማና ስንደዶ ለስፌት ልንለቅም ያሰብንበት ሜዳ ታጥሮ ግንባታ ተጀምሮበታል፤ ስለዚህ መሶብ መሥራቱ ለከርሞ ተላልፏል። ካሉን 2 የስፌት መኪናዎች አንዷ ቺንጋዋ ተበጥሶ ቆማለች። የክር ዋጋም ጨምሯል። ጥቂት ሴት ልጆች ቤት ውስጥ ሥራ ስለሚበዛባቸው ክበቡን ለቀዋል፤ እነሱን ለመመለስ ወላጆችን ማነጋገር ጀምረናል።

ሚኒ ሚዲያ ዘንድሮ አዲስ ስፒከር አግኝቷል፤ ይገባዋል። እግር ኳስ ቡድናችንም ማሊያ ተገዝቶለታል፤ ደስ ብሎናል። ያ ማሊያ ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ ሲቀደድ የሰፋው ግን የእጅ ሥራ ክበብ ነው። በተበደርነው ክር ሰፋነው። በጀት ሲደለደል ይህ ቢታሰብልን እንላለን።

በወላጆች ቀን የሸጥናቸው የረከቦት ልብሶችና የሕፃን ኮፍያዎች በሰዓታት ውስጥ አልቀዋል። ያላገኛችሁ ወላጆች በስም ተመዝግባችኋል፤ መስከረም ላይ ቅድሚያ ይሰጣችኋል። የተገኘው ገንዘብ ክር ተገዝቶበታል፤ ደረሰኙ ወመህ ጋ አለ።

በመጨረሻ ሁሉም ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ልንገራችሁ። ቤታችሁ ያረጀ ሹራብ ካለ አትጣሉት። ብብቱ ቢቀደድም፣ ክርኑ ቢሳሳም ግድ የለም። ልጆቹ ይተረትሩታል፣ በሙቅ ውሃ ያጥቡታል፣ ጠቅልለው ኮፍያ ይሠሩበታል። የልብስ ስፌት ያላችሁ ወላጆች ቁርጥራጭ ጨርቅና አሮጌ ፎጣ ብትልኩልን ለሞዴሱ ይውላል። የስፌት መኪና ቺንጋ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ቶሎ ይድረስልን። ክረምቱን ግቢው ውስጥ ዘበኛው ጋ ማስቀመጥ ይቻላል፤ «ለእጅ ሥራ ክበብ» ብላችሁ ጻፉበት። ምዝገባ መስከረም በሁለተኛው ሳምንት ይጀመራል፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ማንኛውም ተማሪ፣ ወንድም ሴትም፣ መመዝገብ ይችላል።