ጫት ከመያዙ በፊት ልጁን ጠይቁት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው። ደንበኞቼ በብዛት ተማሪዎች ናቸው።

ባለፈው ወር አንዲት ተመራቂ ለጥናቷ የምትተረጉመውን መጠይቅ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ አማርኛው ይገባዎት እንደሆነ ላንብብልዎት» አለችኝ። ማን ለሱስ ሊጋለጥ እንደሚችል ቀድሞ ለማወቅ የተዘጋጀ 23 ጥያቄ ነው። ፓትሪሺያ ኮንሮድ ከሚባሉ ተመራማሪ ጋር የሠሩት ሰዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው አለች። ስለ ጫትም ሆነ ስለ መጠጥ አንድም ቦታ አያነሳም። የሚለካው ጠባይ ነው፦ ተስፋ መቁረጥን፣ የገዛ ሰውነትን ስሜት መፍራትን፣ ችኩልነትን፣ ጀብዱ መውደድን።

ስታነብልኝ ልጆቹ አንድ በአንድ ፊቴ ላይ መጡ። «ምን ዋጋ አለው» ከአፉ የማይጠፋ ልጅ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ሄደ። ጓደኞቹ ጫት ነው ያበላሸው አሉ። እኔ ግን ያን ቃል ሲል የሰማሁት መቃም ሳይጀምር ነው። ሌላው ደግሞ ፈተና ሲደርስ ልቡ ሲመታ የሚሞት ይመስለዋል። አረቄ የሚቀምሰው እሱን ዝም ለማሰኘት ነው። ሁለቱን አንድ አዳራሽ ሰብስቦ «ሱስ ጎጂ ነው» ማለት ምን ይፈይዳል?

አንዱ ጥያቄ ሰው በሌለበት ዱር ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ያስደስትሃል ወይ ይላል። ቡና የምታቀራርብልኝ ልጅ ከጃናሞራ ናት። ትምህርት ቤት የምትደርሰው ገደል ወርዳ ገደል ወጥታ ነበር። «ይኼ ደግሞ ምኑ ያስደስታል?» አለች። እውነቷን ነው። ከአውሮፕላን በጃንጥላ መዝለል የሚልም አለበት። ተመራቂዋን፣ በዚህ ፈንታ ለጥምቀት ውኃው እንደተባረከ ፋሲለደስ ገንዳ ውስጥ ቀድሞ መወርወር ያስደስትሃል ወይ ብለሽ ጠይቂ አልኳት። ወዲያው ጻፈችው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን መጠይቅ ሲወስዱ እንዳለ አይገልብጡት። እኛ በምንኖረው ኑሮ ይጠይቁ። አዲስ ገቢዎች ገና ዶርም ሳይለምዱ ይጠየቁ። ልጁ በመጠይቁ ያገኘው ነጥብ ከአማካሪው እጅ አይውጣ፤ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ዘንድ እንዳይደርስ አደራ። ነጥቡ ከፍ ያለ ልጅ እኮ ገና ምንም አላጠፋም። ከጠየቁት በኋላ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግረው ሰው ይመድቡለት።

ተመራቂዋ የታረመውን ይዛ ሐሙስ ትመጣለች። ቡና ቤቴ የሚመጡትን ልጆች እንዲያነቡላት እለምናለሁ።

ቡና ሻጭ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር