የኮምፒውተር ክበብ ዘንድሮ፦ ባለ ሞገዷን ፊደል ፍለጋ

አምና ለስፖርት ክበብ ሁለት ገጽ ከነፎቶው፣ ለእኛ ሩብ ገጽ ነበር የተሰጠን። ቅሬታ አይደለም፤ ብቻ ይታወቅልኝ። ዘንድሮ የሚወራ ስላለን ትንሽ ቦታ እወስዳለሁ።

መምህራን ክፍል ውስጥ በጣም የተሳቀብን በስፓኒሽ ነው። «ልጆቹ እንግሊዝኛውን መች ጨረሱት?» ተባልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ የወላጆች ስብሰባ ሲያልቅ አንድ አባት ጠብቀው አናገሩኝ። በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ኩባ ተልከው፣ የወጣቶች ደሴት ላይ ከተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ኩባ ላለ የድሮ የክፍል ጓደኛቸው እዚሁ ደሴ ፒያሳ በስፓኒሽ ደብዳቤ ያስጽፋሉ። ጸሐፊዋ አናቷ ላይ ሞገድ ያለባትን «ኤኜ» አጥታ በተራ ኤን ተካቻት። «አኞ» ማለት ዓመት ነው። ሞገዱ ሲነሳ ግን በትምህርት ቤት መጽሔት የማልጽፈው የሰውነት ክፍል ይሆናል። ሰውዬው የጠየቁት ደግሞ «አሁን ስንት ዓመትህ ነው?» ብለው ነው! ደግነቱ ሳይልኩት አዩት።

በማግስቱ ለክበቡ ነገርኩ፤ ሳቁ እስኪያልቅ አሥር ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በየሐሙሱ ሥራችን ይኸው ሆነ። አልት የሚባለውን ቁልፍ ይዞ ከኪቦርዱ በስተቀኝ ባሉት ቁጥሮች 164 ሲጫኑ ትንሿ ኤኜ ትመጣለች፣ በ165 ትልቋ። የተገለበጠው የጥያቄ ምልክት 168 ነው። ጭረት ያለባቸው አናባቢዎች ከ160 እስከ 163 በሰልፍ ይሄዳሉ፣ ባለ ጭረቷ «ኢ» ብቻ ተነጥላ 130 ላይ ናት። «ይቺ ምን አጥፍታ ነው የተባረረችው?» አለ አንዱ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። ነምሎክ (የቁጥሮቹ ማብሪያ ቁልፍ) ካልበራ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው፣ እሱን ለማወቅ ብቻ አንድ ሐሙስ ሙሉ ሄዷል።

ኤኜ የመጣችው የጥንት ስፔናውያን ጸሐፊዎች ሁለት ኤን ከመደርደር አንዱን አሳንሰው አናቱ ላይ እየሰቀሉ ነው ስላቸው፣ አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እኛም እኮ ነ ላይ ሰረዝ ጭነን ነው ኘ ያልነው» አለችኝ። ስንት ዓመት ሳስተምር አስቤው አላውቅም። ለነገሩ የ2008ቱን ድርቅ ያየ ወሎዬ «ኤልኒኞ»ን ያውቃታል፤ በአማርኛ ሺፍትና ኤን ተጭነን በኞ እንጽፋታለን፣ ስፔኖቹ ግን በፈረንጆቹ 1991 ይቺ ፊደል በኪቦርድ ላይ ግዴታ መሆኗ ይቅር ሲባሉ እምቢ ብለው፣ በ1993 በሕግ አስከብረዋታል። እኛ ለፊደላችን እንዲህ ተከራክረን እናውቃለን?

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ደብዳቤውን እንደገና ልንጽፍላቸው ስምንት ልጆች ይዤ ሆጤ፣ ሰውዬው ቤት ሄድን። የራሴን ላፕቶፕ ነው የያዝነው። ልጆቹ ኮዱን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸምድደውታል። ከፈትነው። ላፕቶፑ በስተቀኝ ቁጥር የለውም! ከላይ ባለው ረድፍ ቢሞክሩት፣ ቢደጋግሙት፣ ምንም። ላቤ መጣ። ሰውዬው «አብሽሩ፣ ቡናው ይድረስ» ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ልሞክር?» አለች። ሴቲንግ ገብታ «ዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል» የሚለውን ኪቦርድ ጨመረች፣ ኢንተርኔትም አላስፈለጋት። ሺፍት ይዛ ከአንድ ቁጥር በስተግራ ያለችውን የሞገድ ቁልፍ ነካች፣ ቀጥላ ኤን። ኤኜ ቁጭ አለች።

ሰውዬው መነጽራቸውን አድርገው ከስክሪኑ ላይ በስፓኒሽ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ልጆቹ ምንም አልገባቸውም፣ ግን የተነፈሰ የለም። መሃል ላይ ድምጻቸው ተቆረጠ። «ማሻአላህ፣ ልጄ፣ ማን አሳየሽ?» አሏት። «ብቻዬን እየነካካሁ» አለች። እኔ አለማሳየቴን በአደባባይ መመስከሯ ነው፤ ይሁን።

የቀረውን ባጭሩ። መብራት በመጥፋቱ ስድስት ሐሙስ ባከነ። በአሮጌ ፎንት ተጽፈው በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈቱ የሚዘበራረቁ የፈተና ወረቀቶችን ወደ ዩኒኮድ፣ በየኮምፒውተሩ እኩል ወደሚነበበው የፊደል አሠራር፣ ቀይረናል (የሳቁብን መምህራን የማን እንደነበሩ ያውቃሉ)። ኮምቦልቻ ለውድድር ተጋብዘን በትራንስፖርት ገንዘብ እጦት ቀረን። ኮምቦልቻ እኮ ቁልቁለቱን ወርዶ ናት። በ2014 በጦርነቱ የጠፉት ኮምፒውተሮች እስካሁን አልተተኩም፤ በአምስት ማሽን 34 ልጅ ተራ ይጠብቃል።

ከኩባ መልስ አልመጣም፣ ልጅቷ ግን በየሐሙሱ ትጠይቀኛለች። ወላጆችም ሆናችሁ በውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ቤታችሁ ሥራ የፈታ ኪቦርድ ካለ ላኩልን። አሮጌም ይሁን። በስተቀኝ ቁጥር ይኑረው እንጂ።