ማጫወቻ ከአሜሪካ ለምታስመጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የ1960ዎቹን የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች ለመስማት ማጫወቻ ከአሜሪካ የሚያስመጣ ሰው ለ110 ቮልቱ ትራንስፎርመር ይገዛል። የሚረሳው ኸርዙ፣ ማለትም የመብራቱ ሞገድ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስድ የኤሲ ሞተር ከሆነ፣ ለ60 የተሠራው በእኛ 50 ኸርዝ ይዘገያል፤ በደቂቃ 45 ዙር የነበረው 37.5 ይሆናል፤ ዘፋኟም እንደ ወንድ ትጎረንናለች። ፍጥነቱ ከመብራቱ ኸርዝ ጋር ባልተያያዘ በዲሲ ሞተር የሚሠራውን ምረጡ።

መርፌውን የያዘው ክንድ በአየር ላይ አግድም ሲንሳፈፍ ከኋላው ባለው ማመጣጠኛ ላይ የክብደት ቁጥሩን ዜሮ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ ካርትሪጁ (መርፌው የተሰካበት ክፍል) የሚፈልገውን ክብደት ስጡት። ለኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም ነው። ለሸክላው አዝኖ 1 ግራም ማድረግ ይብሳል፤ መርፌው እየዘለለ መስመሩን ይፍቃል። ድምፁ ቀጭንና ደካማ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩን አትውቀሱ፤ የጎደለው ከካርትሪጁ የሚወጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ