የቅዳሜው የሥዕል ጉብኝትና የመጽሐፍ ልውውጥ

ውድ የቡድናችን አባላት፣

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜልበርን ፌዴሬሽን አደባባይ በሚገኘው የኢያን ፖተር ማዕከል የዘመኑን የአውስትራሊያ ሠዓሊዎች ሥራ እናያለን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በስልካችሁ 10፡00) ፍሊንደርስ ስትሪት ባቡር ጣቢያ፣ ሰዓቶቹ ሥር እንገናኝ። የቋሚው ስብስብ መግቢያ ነፃ ነው፤ ልዩ ዐውደ ርዕይ ግን ትኬት ሊጠይቅ ይችላል።

ለንድፍ እርሳስና ትንሽ ደብተር ይበቃል፤ ቀለም ይዛችሁ አትምጡ።

የወደዳችሁት ሥራ አጠገብ ያለውን መግለጫ ሙሉውን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱት። የአባት ስም ብቻ መጻፍ ያሳስታል፦ «ናማትጂራ» ብላችሁ ብትፈልጉ በውሃ ቀለም የታወቀው አልበርት ሊቀድምባችሁ ይችላል። በ2020 አርቺባልድ የተባለውን የአውስትራሊያ የሰው መልክ ሥዕል (ፖርትሬት) ሽልማት ያገኘው ግን የልጅ ልጁ ልጅ ቪንሰንት ነው።

በተጨማሪ እያንዳንዳችሁ ከሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት አንድ የአውስትራሊያ ሥዕላዊ መጽሐፍ ተውሳችሁ አምጡ። የአውስትራሊያ የሕፃናት መጻሕፍት ምክር ቤት በየዓመቱ የሚያወጣው የዕጩዎች ዝርዝር፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ የተሻለ መነሻ ነው። አውስትራሊያዊውን ደራሲና ሠዓሊ ሾን ታንን ለእኔ ተዉልኝ፤ በ2006 የወጣው የስደት መጽሐፉ ታሪኩን በሥዕል ብቻ ስለሚተርክ እንግሊዝኛ ለማያነቡ ወላጆቻችንም ይሆናል።

የምትመጡ ሁሉ የመጽሐፋችሁን ርዕስና የሠዓሊውን ስም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉ፤ ሁለት ሰው አንድ መጽሐፍ እንዳያመጣ።