ውርጩ ወደ ላይ ሲሸሽ፦ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በከፍተኛ ተራሮቻችን የእንስሳት መኖሪያ ከፍታ በቋሚነት እንዲለካና የታችኛው ጠርዝ ጥበቃ እንዲጠናከር ስለመጠየቅ

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን አገሩን የምንከፍለው በሙቀት እንጂ በአጥር አይደለም። ሙቀቱ ሲለወጥ ክፍፍሉም ቦታውን ይለቃል። አየሩ በየ100 ሜትር ከፍታ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አንድ ተራራ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ዱሮ 3,200 ሜትር ላይ የነበረውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ወደ 3,360 ሜትር መውጣት ያስፈልጋል። ቀይ ቀበሮም፣ ፍልፈልም፣ ጅብራም ይህን 160 ሜትር መከተል አለባቸው። የፓርኮቻችን ካርታ ግን ባለበት ነው።

160 ሜትር ትንሽ ይመስላል። ተራራው ሾጣጣ ቢሆንና ለቅዝቃዜ ወዳዱ እንስሳ ከታችኛው ጠርዝ እስከ ጫፍ 1,000 ሜትር ቢኖረው፣ ጠርዙ 160 ሜትር ሲወጣ የሚጠፋው ስፋት 16 በመቶ ሳይሆን 29 በመቶ ገደማ ነው። በ2 ዲግሪ ሙቀት ከግማሽ በላይ ይጠፋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር መሬቱ ይጠባልና።

ባሌ ላይ ደግሞ ስሌቱ ይበልጥ ያሳስባል። ሳነቴ ሾጣጣ ሳይሆን 4,000 ሜትር አካባቢ የተዘረጋ አምባ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ብቻ ነው። አምባ ለረጅም ጊዜ ምንም ያልተለወጠ ያስመስላል። የሙቀቱ መስመር ቁልቁለቱን እየወጣ ሳለ በአምባው ላይ ያለው ቆጠራ አይቀንስም። መስመሩ አምባው ላይ ሲደርስ ግን ሰፊው ሜዳ በአጭር ጊዜ ይሞቃል። ቆጠራችን ሳነቴ ላይ ብቻ ከተወሰነ፣ ለውጡን የምናየው መድረሻ ካጣን በኋላ ነው።

ይህ የሩቅ ግምት አይደለም። በፔሩ ፓንቲያኮላ በተባለ ተራራ በ1985 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተቆጠሩ ወፎች በ2017 እንደገና ሲቆጠሩ፣ በጫፉ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 16 ዝርያዎች 8ቱ አልተገኙም። በዚያ መካከል የነበረው የሙቀት ጭማሪ ግማሽ ዲግሪ እንኳ አልሞላም።

«እንስሳቱ ይላመዳሉ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ይህን በቁም ነገር መመርመር ይገባል፤ ዝርያ በእርግጥም ይለወጣልና። በ1977 በጋላፓጎስ ዳፍኒ ሜጀር ደሴት ላይ ድርቅ ሲመታ፣ ትልልቅና ጠንካራ ፍሬ መስበር የቻሉ ባለ ወፍራም ምንቃር ፊንች ወፎች ተረፉ፤ ቀጣዩ ትውልድም ምንቃሩ ወፍራም ሆነ። አዝጋሚ ለውጥ የሚባለው ነገር በአንድ ትውልድ ታየ። የተከፈለው ዋጋ ግን መታየት አለበት፦ 1,200 ገደማ የነበሩት ወፎች ወደ 180 ገደማ ወረዱ። መንጋው ብዙ ስለነበር ከሞቱ በኋላም የሚራባ ቀረ። ቀይ ቀበሮ በመላው አገሪቱ አዋቂው ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ባሌ ነው። በሰሜኑ ተራሮች የቀሩት መንጎች እያንዳንዳቸው ጥቂት አሥሮች ቢሆኑ ነው። ቁጥር እንዲህ ሲያንስ ማን እንደሚተርፍ የሚወስነው የተሻለ ባሕርይ መኖሩ መሆኑ ይቀርና ዕድል ይሆናል። ያንን ዓይነት ሞት መክፈል የሚችል መንጋ የለንም።

«ፍልፈሉ የበረዶ ዘመንን አልፎ የለም ወይ?» የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። አልፏል። ባሌ ውስጥ በፊንጫ ሀበራ ዋሻ፣ 3,470 ሜትር አካባቢ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ይህንኑ ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉት እንደነበር አጥንቶቹ ይመሰክራሉ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቅዝቃዜው ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ የዛሬው የውርጭ ቀጠና ሰፍቶ ነበር። አየሩ ሲሞቅ ወደ ዛሬው ጫፍ ተሰበሰበ። ቅዝቃዜን መቋቋሙ ተፈትኗል፤ ከዚህ የባሰ ሙቀትን ጠባብ ቦታ ላይ ሆኖ መቋቋሙን ግን አናውቅም። ትልቁ ፍልፈል ከባሌ ሌላ መኖሪያ የለውም። የባሌ ቀይ ቀበሮም ዋና ምግቡ እሱና ሌሎቹ አይጦች ናቸው።

እኛ ከሙቀቱ ይልቅ የበለጠ የምንፈራው ሙቀቱ ይዞት የሚመጣውን ጎረቤት ነው። ውርጭ ሲቀንስ ገብስ ወደ ላይ ይወጣል። ከገብሱ ጋር ከብት፣ ከከብቱ ጋር ውሻ። ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ። በ2003 እና 2004 በባሌ ወብ ሸለቆ የተነሳው ወረርሽኝ ከቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። እንስሳው ከላይ በጫፉ፣ ከታች በሞፈሩ መካከል ይጨመቃል ማለት ነው። ስለዚህ ዕጣው የሚወሰነው ጫፉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው፦ አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) በሚያበቃበትና እርሻው በሚጀምርበት ቦታ። የጓሳ መንዝ ማኅበረሰብ ቀሮ በተባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓቱ ሣሩን ለዓመታት እየከለከለ ሲጠብቅ የኖረው ይህንኑ ጠርዝ ነው። የጥበቃ ሠራተኛም፣ የውሻ ክትባትም ቅድሚያ የሚገባቸው እዚያ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው በየዓመቱ ካልተከተበ በሽታው መዞሩን አያቆምም። ውሻ ቶሎ ስለሚራባና ስለሚተካ አንድ ዓመት መዝለል ያለፈውን ሥራ ያፈርሳል።

አሁን ወደ ልኬቱ። የምንጠይቀው ውድ መሣሪያ አይደለም። በባሌ ከሐረና ደን የላይኛው ጠርዝ፣ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 4,300 ሜትር፣ በየ100 ሜትሩ አንድ ቋሚ ጣቢያ ቢተከል 12 ጣቢያ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጣቢያ በ10 ሜትር ርቀት 7 በ7 የተደረደሩ 49 የብረት ሳጥን ወጥመዶች ለሦስት ሌሊት ይቀመጣሉ። 98 ወጥመድ ካለ ሁለት ሁለት ጣቢያ እየተሠራ ቢያንስ 18 ሌሊት ይፈጃል። ለትልቁ ፍልፈል ወጥመዱ አይሆንም፤ ለሱ አዲስ የተገፋ አፈርና በአፈር የተደፈነ ጉድጓድ በተለካ መስመር ላይ ይቆጠራል።

ስህተት የሚፈጠርባቸውን ቦታዎች እንጠቁም። አንደኛ፣ አለመያዝና አለመኖር አንድ አይደሉም። አንድ አይጥ እያለ በአንድ ሌሊት የመያዝ ዕድሉ 40 በመቶ ከሆነ፣ በሦስት ሌሊት ጭራሽ ሳይታይ የመቅረቱ ዕድል 22 በመቶ ገደማ ነው። በአምስት ሌሊት ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ዝርያው ለመጨረሻ ጊዜ በታየበት ጣቢያና በአጎራባቾቹ አምስት ሌሊት ይሠራ፤ ሌላው ጋ ሦስት ይበቃል። የያንዳንዱ ሌሊት ውጤት ለየብቻ ይመዝገብ፤ ባዶ ወጥመድም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በእጅ ስልክ የሚነበብ ከፍታ በአሥሮች ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ በ100 ሜትር ልዩነት ለሚሠራ ጥናት ይህ ብዙ ነው። ጣቢያዎቹ አንድ ጊዜ በትክክል ተለክተው በድንጋይ ምልክት ይታሰሩ። ሦስተኛ፣ በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ደረቅ ሣርና ምግብ ያልተደረገበት ወጥመድ የያዘውን አይጥ በብርድ ይገድለዋል። ጎህ ሳይቀድ መታየት አለበት፤ ፀሐይ ስትበረታም መዘጋት አለበት፤ ብረቱ ይግላልና።

የሙቀት መለኪያውም እንዲሁ። የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ የሚለካው ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በጥላ ውስጥ ነው። አይጥ ግን ሣር ሥር ነው የሚኖረው። በየጣቢያው አንድ መዝጋቢ በሣሩ ሥር፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ፤ በየሰዓቱ ይመዝግብ።

ቆጠራው በተከታታይ ሁለት ዓመት ተሠርቶ ከዚያ በየአምስት ዓመቱ ቢደገም ይበቃል። የአይጥ ብዛት በዝናቡ ስለሚዋዥቅ የአንድ ዓመት ውጤት ያሳስታል። የድካሙን ፍሬ በካሊፎርኒያ አይተነዋል፦ የእንስሳት ተመራማሪው ጆሴፍ ግሪኔልና ባልደረቦቹ ከ1904 እስከ 1940 ቦታና ቀን ሳይቀር በማስታወሻ የጻፉት ቆጠራ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዮሰሚቲ ፓርክ ሲደገም፣ ከ28 ትናንሽ አጥቢዎች ግማሾቹ በአማካይ 500 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣታቸው ታወቀ። ማስታወሻው ባይኖር ለውጡን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ተራራ የሌለው ጉዳይም አለ። በቦረና፣ በያቤሎ ዙሪያ ብቻ የሚኖረው ግራጫው የቁጥቋጦ ቁራ የሚገኘው አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ኪስ ውስጥ ነው። ከኪሱ ውጭ ያለው ግራርና ሣር ለዓይን ልዩነት የለውም፤ ወፉ ግን የለም። ሲሞቅ ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ ትል መቆፈሩን ያቆማል። በ2021 የወጣ ጥናት እስከ 2070 ድረስ ከመኖሪያው እስከ 90 በመቶ ሊያጣ እንደሚችል ተንብዮአል። ለዚህ ወፍ የዕፅዋት ካርታ መሥራት ብቻውን አይጠቅምም፤ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። እስከዚያው ትልልቅ የጥላ ዛፎች እንዳይቆረጡ፣ ከብት የሚግጠው ገላጣ ሜዳም በቁጥቋጦ እንዳይዋጥ ማድረግ ይቻላል።

በዕቅዶች ላይ ዘወትር ስለሚጻፈው «መተላለፊያ ኮሪደር» አንድ ቃል። ለደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ በኩል ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ቀይ ቀበሮን ከስሜን ወደ ባሌ የሚያሻግር ኮሪደር ግን የለም፤ በመካከሉ ስምጥ ሸለቆና ሞቃት ቆላ አለ። እንስሳ በሰው እጅ ማዘዋወር ካስፈለገ በሰሜኑ መንጎች መካከል ይጀመር፤ የሰሜኑና የደቡቡ በዘር ለረጅም ዘመን ተለያይተው የኖሩ ናቸውና መቀላቀሉ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም።

የምንጠይቀው፦ የባሌና የስሜን ጣቢያዎች ዝናቡ ካቆመ በኋላ በመጪው ጥቅምት እንዲተከሉ፣ የጥበቃ ሠራተኞች በወጥመድ አያያዝ ለአንድ ሳምንት እንዲሠለጥኑ፣ የመጀመሪያው መዝገብ በወረቀትም በኮምፒውተርም ተባዝቶ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሌላ ቢያንስ በሁለት ቦታ እንዲቀመጥ፣ ለማንኛውም ተመራማሪም ክፍት እንዲሆን ነው። ወጥመድ ዘግይቶ ከመጣ በሙቀት መዝጋቢዎቹ ይጀመር፤ ሳይመዘገብ ያለፈ ወቅት በኋላ አይገኝም።

ከአክብሮት ጋር
በደጋ ሥነ ምህዳር ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች